ሳይረኑ በእናቴ መቀነት ውስጥ ሲጮኽ

ዲላ በሚሳይል የሚመታት ጠላት የላትም። በእኛ ሰፈር የሚያስደነግጥ ድምፅ ቢኖር የአምቡላንስ ነው፤ እሱም አስፋልቱን ይዞ ወደ ሆስፒታል ያልፋል እንጂ እኛ ጋ አይቆምም። አንድ ሰሞን ግን የሚሳይል ማስጠንቀቂያ ሳይረን ግቢያችን ውስጥ ይጮኽ ነበር። የሚጮኸው ከእናቴ መቀነት ውስጥ ነው። ስልኳን የምታስረው እዚያ ነበር።

እህቴ ዓረብ አገር ናት፤ በሰው ቤት ትሠራለች። ከተማውን አልጠራውም፤ ስሙን ስሰማ አሁንም ደሜ ይፈላል። ጦርነቱ ሲጀመር ሁለት መንግሥታት ሲወራወሩ እሷ ያለችበት አገር መሀል ላይ ተገኘ። አንዱ ይተኩሳል፣ ሌላው አየር ላይ ያከሽፋል፣ ፍንጣሪው የሚወርደው ደግሞ እሷ ልብስ የምታሰጣበት ጣሪያ ላይ ነው። አንድ ቀን በቪዲዮ ደውላ የተቃጠለ ብረት አሳየችን። እኔ ብረቱን አየሁ። እናቴ ያየችው ብረቱን የያዘውን እጅ ነው። «እጅሽ ከስቷል» አለቻት።

«ሳይረን ሲጮኽ የት ትገቢያለሽ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ከቤቱ ሥር ክፍል አለ። እነሱ እዚያ ይወርዳሉ።»

«አንቺስ?»

«ማዳም ከጠራችኝ እወርዳለሁ።»

«ካልጠራችሽስ?»

«ኧረ ትጠራኛለች፣ ጋሼ። ልጆቿን የምሸከመው እኔ አይደለሁ እንዴ?»

ይህን ያለችው እየሳቀች ነው። እኔም እናቴም አልሳቅንም።

ከዚያ በኋላ ሳይረን በጮኸ ቁጥር፣ ነገሩ ሲያልፍ፣ ለእናቴ አጭር የድምፅ መልእክት ትልክላት ጀመር። በጌዴኦኛ ነው፤ ደህና ነኝ፣ አትፍሪ የሚል። እናቴ ማንበብ አትችልም፤ ግን የትኛውን ስትነካ የልጇ ድምፅ እንደሚወጣ ጠንቅቃ ታውቅ ነበር። ያልወደደችው ነገር አንድ ብቻ ነው። አደጋ እንደነበረ የምታውቀው ካለፈ በኋላ ነው። ልጇ ስትንቀጠቀጥ እሷ እዚህ ጎመን ስትቀነጥስ፣ ከጎረቤት ጋር ስትሳሳቅ መዋሏን እንደ ክህደት ቆጠረችው።

«ያንን ጩኸት የሚያሰማ ነገር ስልክ ላይ ይጫናል አሉ» አለችኝ። ማን እንዳላት አውቃለሁ፤ ከአጠገባችን ተከራይተው የሚኖሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። «ጫንልኝ።»

«ምን ያደርግልሻል?»

«ስትፈራ አብሬ ልፍራ።»

ደም ብዛት ያለባት ሴት ናት፤ እምቢ አልኩ። ምሳ መብላት ተወች። እናቴ ማኩረፍ ከጀመረች መንግሥት አይመልሳትም። በመጨረሻ የእህቴን ከተማ መርጬ ጫንኩላት።

እኔ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ሳይረኑ ከየት እንደሚመጣ ካላስረዳኋት እንደማትለቀኝ ስለማውቅ በረንዳ ላይ ተቀምጠን ነገርኳት። ሰማይ ላይ፣ በጣም ሩቅ፣ የጦር ሳተላይት አለች፤ ምድር ስትዞር አብራ ስለምትዞር አንድ ቦታ ላይ ቆማ የቀረች ትመስላለች። ሥራዋ ሙቀት መጠበቅ ነው። ሚሳይል ሲነሳ ከጭራው የሚወጣው እሳት ከሌላው እሳት ሁሉ ይለያል። እሱን ታያለች፤ ወዴት እንደሚሄድ ይሰላል፤ ከዚያ በዚያ አቅጣጫ ያሉ ስልኮች ይጮኻሉ።

«በጨለማስ?» አለች።

«ዓይንሽን ጨፍነሽ ምድጃ አጠገብ ብትቆሚ እሳት እንዳለ ፊትሽ አያውቅም? እንደዚያ ነው።»

ይሄ ገባት። እናቴ ገጠር፣ ወርቃ ተወልዳ ያደገች ናት፤ አማርኛን ዲላ ከገባች በኋላ ነው የተማረችው፤ ወንዱንና ሴቱን እንዳመጣላት ትጠራዋለች።

«ያቺ ዓይን ልጄንም ያያል?»

«አያያትም። የሰው ሙቀት ለእሷ ምንም አይደለም።»

«ታዲያ ምኑን አየ?» አለች። ቀጥላ፣ «አይሳሳትም?» አለች።

«ድሮ ፀሐይ ደመና ላይ ስታንጸባርቅ ሚሳይል የመሰላት ጊዜ አለ ይባላል። ለዚህ ነው ማሽኑ አጠገብ ሰው የሚቀመጠው። ዝም ብሎ እንዳያምን።»

«ጥሩ ነው» አለች፣ ሰውየውን እንደምታውቀው ሁሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ሌላ ቤት ሆነ። ሳይረኑ ሲጮኽ እናቴ በእጇ የያዘችውን ታስቀምጥና ጓሮ፣ እንሰቱ መሀል ገብታ ትንበረከካለች። መልእክቱ እስኪመጣ ድረስ ሰው አታናግርም። ሲመጣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ትሰማና ጉልበቷን አራግፋ ወደ ጎመኗ ትመለሳለች። ከሳይረኑ እስከ መልእክቱ ያለው ጊዜ ነው እናቴን የበላት። እኔ ጤናዋን ስጠብቅ፣ እሷ ልጇን ስትጠብቅ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ዘበኛ ሆንን።

ልጁን ዓረብ አገር ያልላከ ቤት በሰፈራችን ጥቂት ነው። ሳይረኑን ሲሰሙ ጎረቤት እናቶችም መምጣት ጀመሩ። የእነሱ ልጆች ሌላ ከተማ፣ አንዳንዶቹም ሌላ አገር ናቸው፤ ቢሆንም ይመጣሉ። እንሰቱ ሥር ተደርድረው ይንበረከካሉ። አንድ እሑድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ስብከት መሀል፣ ከመቀነቷ ጮኸ። ሰባኪያችን ስልክ ሲጠራ ዓይኑ የሚቀላ ሰው ነው። መጽሐፍ ቅዱሱን ዘጋ፣ ቀና ብሎ እናቴን አያት፣ ከዚያ መድረኩ ላይ ተንበረከከ። አዳራሹ በሙሉ ተንበረከከ። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ ሚሳይሉ ስንት ደቂቃ እንደሚወስድበት በአእምሮዬ ሳሰላ ነበር፤ ለብቻዬ ቆሜ መቅረቴን ሳይ ተንበረከክሁ። መልእክቱ ሲመጣ እናቴ ስልኩን ወደ ላይ አነሳችው፣ መዘምራኑ ሳይታዘዙ መዝሙር ጀመሩ። ከመዘምራኑ መካከል ወርቃ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ የሚሠራ አንድ ሰው አለ፤ እህቴ ሳትሄድ ጀምሮ ዓይኑ እሷ ላይ ነበር። እየዘመረ ሲያለቅስ አየሁት። በዚያ ሰሞን እናቴ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ አንድ አመሻሽ ላይ ሳይረኑ ጮኸ፤ እናቴ ጓሮ ገባች። ወዲያው ኔትወርክ ጠፋ። ዲላ ለምትኖሩ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ መብራትም አብሮ ሄደ። መልእክት አልመጣም።

«ኔትወርክ ነው» አልኳት።

«ታዲያ ለሳይረኑ ጊዜ ኔትወርኳ እንዴት መጣች?»

ሌሊቱን አልተርክም። አልተኛችም፣ ይኸው ነው።

በማግሥቱ የጪጩ ገበያ ነበር። ሲነጋጋ እናቴ ፊቷን ልትታጠብ ጆግ ይዛ ወጣች። የግቢያችን በር ቆርቆሮ ነው፤ በመጋጠሚያው በኩል ውጭ የቆመ ሰው ይታያል። ውጭ ሽማግሌዎች ቆመው ነበር። ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ሳያንኳኩ፣ እርስ በርሳቸውም ሳይነጋገሩ። ሁለቱ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ናቸው። አባቴ ገደብ መንገድ ላይ መኪና ተገልብጦበት የሞተ ጊዜም እንዲሁ፣ በዚሁ ሰዓት፣ በዚሁ በር ላይ ነው የቆሙት። መርዶ የሚያረዳ ሰው አያንኳኳም፤ የቤቱ ሰው እስኪወጣ ይጠብቃል።

የጆጉን መውደቅ ሰምቼ ወጣሁ። እናቴ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ ውኃው ቀሚሷን አርሶታል።

«መጡ» አለች። ቀጥላ የእህቴን ስም ጠራች። ሦስተኛ ቃል ልትናገር ስትል አፏ ወደ አንድ ወገን ሄደ።

በሩን በረገድኩት። የፊተኛው ሽማግሌ ስትወድቅ በቀዳዳው አይቷት ኖሮ ባርኔጣው ከእጁ ወድቋል። «ለመልካም ነው የመጣነው» አለ። «ለመልካም ነው፣ መምህር፣ ለመልካም ነው።» ደጋገመው። የሚለውን ለመረዳት ጊዜ ወሰደብኝ። የመጡት እህቴን ለትዳር ሊጠይቁ ነው። የላካቸው ያ የቡና ማጠቢያው ሰው ነው። እህቴ ከዚህ ጦርነት ከወጣሁ አገሬ ገብቼ አልመለስም ማለቷን ሰምቶ፣ ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ ብሎ ሽማግሌ ላከ። እናቴ ገበያ ሳትወጣ እንድረስባት ብለው ማልደው ወጡ። ማታ ሳይረን መጮኹን፣ መልእክት መቅረቱን አንዳቸውም አልሰሙም።

ለጋብቻ የተላከ ሽማግሌም ማልዶ ነው የሚመጣው። እሱም ጋቢ ይለብሳል፤ እሱም እስኪያስገቡት በር ላይ ዝም ብሎ ይቆማል። ዕድሜዬን ሙሉ ሁለቱንም አይቻለሁ፤ ከውጭ ሲያዩዋቸው ምንም እንደማይለያዩ ግን ያን ቀን ነው የገባኝ።

ጆሮዋ ሥር ተደፍቼ፣ «እማ፣ መርዶ አይደለም። ሽማግሌ ነው። ለጋብቻ ነው የመጡት» አልኳት። በአማርኛ አልኳት፣ በጌዴኦኛ አልኳት። ዓይኗ በሩ ላይ ነበር። በባጃጅ ጭነን ሆስፒታል ወሰድናት። ሽማግሌዎቹ ሌላ ባጃጅ ይዘው ተከተሉን፤ በዚያ ዕድሜያቸው በኮሪደሩ ላይ እየሮጡ አልጋ ሲፈልጉ ማየት ያሳፍር ነበር። ሐኪሙ ደም አንጎሏ ውስጥ ፈስሷል አለ። ነርሷ መቀነቷን ፈትታ ስልኩን ሰጠችኝ።

ቀትር ላይ ኔትወርክ ተመለሰ። የእህቴ መልእክቶች ተከታትለው ገቡ። የመጨረሻውን ከፈትኩት። «እማ፣ ደህና ነኝ። ማዳም ጠርታኛለች፣ አብሬያቸው ወርጃለሁ። ለምን አትሰሚኝም?» ይላል። ስልኩን እናቴ ጆሮ ላይ አድርጌ አሰማኋት። ደግሜ አሰማኋት። ነርሷ እጄን ይዛ እስክታስቆመኝ ድረስ አሰማኋት። እጇ ተንቀሳቀሰ፣ እንባ ወረዳት ብዬ አልዋሽም። ምንም አልሆነችም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተች።

ለጋብቻ የመጡት ሽማግሌዎች በዚያው ጋቢያቸው በማግሥቱ ማለዳ ገደብ ሄደው ለአክስቴ መርዶ ነገሩ። ያ ሰውዬ መቃብር ሲቆፈር አካፋውን ለሌላ ሰው አልሰጥም አለ። እሱን መጥላት ፈልጌ ነበር፤ በሐቀኝነት ሞከርኩ። ከጉድጓዱ ውስጥ ቀና ብሎ ሲያየኝ አቃተኝ። የምጠላቸው ሌሎች ናቸው፤ ጌዴኦ የሚባል አገር መኖሩን የማያውቁ፣ ቁልፍ ተጭነው ሻይ የሚጠጡ። ያን ምሽት የተተኮሰው ሚሳይል ባሕር ውስጥ ወደቀ አሉ። ሳተላይቷ አልተሳሳተችም። እሳቱን በትክክል አይታለች፣ በሰዓቱ ተናግራለች። የተሳሳተችው እናቴ ናት፤ እሷ አጠገብ ቆሞ «ቆይ እስቲ» የሚላት ሰው አልነበረም።

የቀረው እህቴ ነበረች።

ብቻዋን ላለች ሰው ሞት በስልክ መንገር እኛ ጋ ነውር ነው። እዚያው ከተማ አንዲት የገደብ ልጅ አለች፤ ለእሷ ነገርናት። በዕረፍታቸው ቀን፣ ማልደው፣ ያገሯ ልጆች ሰብሰብ ብለው ሄደው ይነግሯታል፣ ይዘዋት ያለቅሳሉ ተባለ። ነገር ግን በጦርነቱ ምክንያት ሠራተኞቹን ማንም ከቤት አያስወጣም። የዕረፍት ቀን ቀረ። የገደቧ ልጅ ራሷ ከተዘጋባት ግቢ ሆና በሹክሹክታ ነው የምታናግረኝ። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡና «እስኪረጋጋ ይቆይ» አሉ። አልተረጋጋም። እኔ መዋሸት ጀመርኩ። እማ ገደብ እህቷ ጋ ሄዳለች፤ አክስታችን ትንሽ አሟታል፤ እዚያ ኔትወርክ አስቸጋሪ ነው።

የእናቴ ስልክ እኔ ኪስ ገባ። ሳይረኑን ማጥፋት እችል ነበር፤ አላጠፋሁትም። አንድ ቀን የኒውተንን ሁለተኛ ሕግ ሳስተምር ጮኸ፤ ተማሪዎቹ አንድም ሳይናገሩ ተነሥተው ቆሙ። ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ የማታውቀው እሷ ብቻ ናት። ሳይረኑን ተከትሎ መልእክቷ ይመጣል፣ ለእናቴ። መልእክቱ ካልተሰማ ደግሞ ትጨነቃለች፤ መሰማቱን ሰማያዊ ምልክቱ ላይ ታያለች። ስለዚህ እኔ እሰማዋለሁ።

ለእናቴ የምትነግራት ለእኔ የምትነግረኝን አልነበረም። በአማርኛ ለእኔ ሁልጊዜ ማዳም ጠራችኝ ትላለች። በጌዴኦኛ ለእናቴ፣ «ዛሬም አልጠራችኝም፤ ደረጃው ሥር ገብቼ ራሴን በእጄ ይዤ ቆየሁ፤ ደህና ነኝ» ትላታለች። ወደ ኋላ ተመልሼ የቆዩትን አዳመጥኩ። እናቴ በሕይወት እያለችም እንዲሁ ነበር። ግማሹን ቀን አትጠራትም። እናቴ ይህን ሁሉ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ሰምታ፣ ጉልበቷን አራግፋ፣ ወደ እኔ ዞራ «ደህና ናት» ትለኝ ነበር። እንሰቱ ሥር ምን እንደምትለምን የገባኝ ያኔ ነው። ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ለቀብሯ ካለቀስኩት ይበልጥ የዚያን ቀን አለቀስኩ።

አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት ትምህርት ቤት እያለሁ በእኔ ስልክ ደወለች። ጠዋት ሳይረን ጮኾ ነበር። ተማሪ የማይደርስበት፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ እማ አልተመለሰችም?»

«ገና ናት።»

«ገደብ ናት?»

«አዎ።»

«ኔትወርክ አሁንም የለም እዚያ?»

«ከሰው ጋር የሚያገናኝ የለም። ሙት ነው» አልኩ፤ ቃሉን የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

ከወዲያ አንድ ልጅ በዓረብኛ ሲያለቅስ፣ እሷም ስታባብለው ይሰማኛል። ልጁ ዝም ሲል ተመለሰች።

«መልእክቴን ግን ትሰማዋለች» አለች። «በላክሁ ቁጥር፣ ወዲያው።»

ኪሴ ውስጥ የእናቴን ስልክ ጨበጥኩ።

«የምትሰማው አንተ ነህ።»

«እኔ…»

«አትንገረኝ።» ድምፅዋ አልተለወጠም፤ ልጁን እንደምታባብልበት ድምፅ ነው። «እለምንሃለሁ ጋሼ፣ አትንገረኝ። እዚህ መጮኽ አይቻልም። ልጆቹ ይደነግጣሉ፣ ማዳም ትቆጣለች፣ አንድ የሚይዘኝ ሰው የለም። ካልነገርከኝ መቆም እችላለሁ። ስመጣ በር ላይ ትነግሩኛላችሁ። ሰው ሰብስባችሁ፣ በወጉ።»

«እሺ» አልኩ።

«መላኩን አልተውም። አንተም መስማቱን አትተው።»

«አልተውም።»

የማዳም ድምፅ ከሩቅ ጠራት። መሄድ ነበረባት። ስልኩን ልትዘጋ ስትል፣ «ዛሬ ጠርታኛለች፣ እውነቴን ነው» አለች። «ለእማ ደህና ናት በልልኝ።»

«እላታለሁ» አልኩ።